ስለ ሕፃናት ትምህርት የተደረጉ የዓለም ጉባኤዎችና የገሳይ አገር ፊደል ቤት

የሕፃን ነገር በመንግሥታት ጉባኤ የሚመከርበት፥ ሚኒስትሮችና ሊቃውንት ከየአገራቸው ተነሥተው ስለ አራትና ስለ አምስት ዓመት ልጅ የሚከራከሩበት ዘመን ደርሷል። ቀድሞ ሕፃን የእናቱና የአያቱ፥ ከፍ ሲልም የየኔታው ጉዳይ እንጂ የመንግሥታት ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን ስለ እርሱ ቃል ኪዳን ይጻፋል፥ በጀት ይቈረጣል፥ የመፈጸሚያ ዓመት ይወሰናል። በነዚህ ጉባኤዎች የተነገረው ቃል ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ እስካለችው እስከ ገሳይ ድረስ መድረሱን፥ ደርሶም እንደ ሆነ በምን መልክ እንደ ደረሰ መመርመር ለሹማምንትም ለካህናትም የሚገባ ነገር ነው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፈጸመ ማግሥት በአውሮፓ ከተሞች ቤታቸው የፈረሰባቸው፥ አባታቸው በጦር ሜዳ የወደቀባቸው ሕፃናት ብዙ ነበሩ። የስዊድኗ ወይዘሮ አልቫ ሚርዳልና የእንግሊዟ ሌዲ አለን ኦፍ ኸርትውድ ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፥ ሕፃናትን የሚያሳድጉና የሚያስተምሩ ሰዎች በየአገራቸው ተለያይተው ከሚደክሙ በአንድ ማኅበር ቢሰበሰቡ ይሻላል አሉ። በ1940 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በፕራግ ከተማ የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ ተደረገ። ማኅበሩም በፈረንሳይኛ ስሙ አጽሕሮት ኦሜፕ ተባለ። ወይዘሮ ሚርዳል የመጀመሪያዋ ፕሬዚደንት ሆኑ፤ ኋላም ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ በደከሙት ድካም የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። የጦርነትን ፍጻሜ በዐይኑ ያየ ሰው አስቀድሞ የሕፃኑን ነገር ማሰቡ የሚያስደንቅ አይደለም።

በአፍሪካ ዘንድ ግን ነገሩ ዘግይቶ መጣ። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር የአፍሪካ መንግሥታት መልእክተኞች በዩኔስኮ ጠሪነት በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ትምህርት በመከሩ ጊዜ፥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 1980 ድረስ ለሁሉ ነጻና ግዴታ እንዲሆን፥ ከዚያ ከጨረሱት ከመቶ 30 እጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ፥ ከነዚያም ከመቶ 20 እጅ ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንዲያልፉ ዐቀዱ። ዕቅዱ ከአንደኛ ደረጃ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜ ለቤትና ለደብር እንደ ተተወ ቀረ። በኢትዮጵያም የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት በድሬ ዳዋ የተከፈተው ለምድር ባቡሩ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነበር፤ የባላገሩ ልጅ ከዚህ ዕድል አልነበረበትም።

ይህ አሳብ የተለወጠው በ1982 ዓ.ም. በየካቲት ወር በታይላንድ አገር በጆምትየን በተደረገው ታላቅ ጉባኤ ነው። በዚያ «ትምህርት ከልደት ይጀምራል» የሚል ቃል በጉባኤው መግለጫ ገባ። ይህ ቃል ለደብረ ታቦር ካህን አዲስ አይመስለውም፤ ስለምን ቢሉ ወንዱን በ40 ሴቲቱን በ80 ቀን ተቀብሎ የሚያጠምቅ፥ የክርስትና አባትና እናት ሰጥቶ ለአስተዳደጉ ዋስ የሚያስጠራ ሥርዓት የሕፃኑን ትምህርት ሰባት ዓመት አልቈየውም። የሆነ ሆኖ መንግሥታት በዚህ ላይ ፊርማቸውን ሲያኖሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው ተከታተለ። በ1992 ዓ.ም. በሚያዝያ በዳካር የተሰበሰቡት መንግሥታት ከስድስቱ ግቦቻቸው የመጀመሪያውን ለሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት አደረጉት። አፍሪካውያን ባለሙያዎችም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በካምፓላ፥ በአስመራ፥ በአክራና በዳካር እየተገናኙ የራሳቸውን ምክር መከሩ። ለሕፃናት ብቻ የተጠራው የመጀመሪያው የዩኔስኮ የዓለም ጉባኤ በሞስኮ የተከፈተው መስከረም 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ በኢትዮጵያ የመስቀል በዓል ዕለት መሆኑ ነው። ሁለተኛውም በኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ በታሽከንት ከኅዳር 5 እስከ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲደረግ፥ መካከለኛው ቀን የስደተኛው ሕፃንና የእናቱ መታሰቢያ የሚከበርበት ቁስቋም ነበር። ቀኑን የመረጡት ሰዎች ይህን አላሰቡትም፤ ግጥምጥሙ ግን ለሚያስተውል ደስ ያሰኛል።

በታሽከንት የተቈረጠው ነገር ቃሉ ግልጥ ነው። መንግሥታት ለትምህርት ከሚያወጡት ገንዘብ ከመቶ ቢያንስ 10 እጁን ከአንደኛ ደረጃ በፊት ላለው ትምህርት እንዲያውሉ፥ የሕፃናት መምህራንም ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ከአንደኛ ደረጃ መምህራን እንዳያንስ ተስማሙ። ከዚያ አስቀድሞ በ2007 ዓ.ም. በኮሪያ በኢንቾን የተደረገው ጉባኤ ቢያንስ አንድ ዓመት ነጻና ግዴታ የሆነ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲሰጥ አሳስቦ ነበር። ኢትዮጵያም ከነዚህ አልተለየችም፤ የትምህርት፥ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ያወጡት በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የ2015 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት መደበ።

እንግዲህ ወደ ገሳይ እንመለስ ቢባል፥ በዚያ ደጋ አገር፥ ገብስና ድንች በሚበቅልበት በጉና አካባቢ፥ ከማናቸውም ጉባኤ በፊት የነበረ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ፤ እርሱም የፊደል ቤት ነው። ይህ አገር የታወቀ የሊቃውንት ምድር ነው፤ በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ፥ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ሆነው ከሩቅ ተማሪ የሚሰበስቡ ናቸው። ነገር ግን በቤተልሔም የሚቆመው መሪጌታ ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ደብር ዐጸድ ሥር ተቀምጦ ሀ ሁ ያለ ሕፃን ነበር። የኔታ ከመንግሥት ደመወዝ ሳይቀበሉ ሕፃኑን በአራትና በአምስት ዓመቱ ይረከባሉ፤ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፥ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም በግእዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ እያለማመዱ ወደ ዳዊት ያደርሳሉ። ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ።

ከዚህ ቤት ሥርዓት አንዱ ከፍ ብሎ ሊነገር ይገባዋል። የኔታ ሠላሳ አርባ ሕፃን ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ዳዊት የጀመረው ልጅ ፊደል ቈጣሪውን ያስቈጥራል፥ ስሕተቱን ያቀናለታል፥ ሲያስተምርም የራሱን ትምህርት ያጸናል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በለንደን የጤናና የትምህርት ሊቃውንት «ሕፃን ለሕፃን» የሚል መንገድ አወጡ፤ ታላቁ ልጅ ታናሹን በጨዋታ እያስለመደ ለትምህርት ቤት ያዘጋጀዋል ማለት ነው። ዩኒሴፍም በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ይህንኑ በስድስት አገሮች ሲሞክር አንዲቱ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከዚያም ከመዋዕለ ሕፃናትና «ኦ ክፍል» ከሚባለው ቀጥሎ በመንግሥት ሥርዓት ከታወቁት ሦስት መንገዶች አንዱ ሆነ። የፊደል ቤት ግን ይህን መንገድ ከጥንት ሲሄድበት ሳለ ከሦስቱ መካከል በስሙ አልተጠራም። ከሩቅ የመጣው ዘዴ ሲመዘገብ በደጅ ያለው ሳይመዘገብ መቅረቱ ያስገርማል።

ይህ ሲባል የፊደል ቤት ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። አለንጋው ብዙ ልጅ ከፊደል አስኰብልሏል። ሕፃኑ የሚያነበውን የግእዝ ቃል ትርጕሙን ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ፤ ስለ ቍጥርና ስለ ተፈጥሮ የሚማረው ጥቂት ነው። ሴቶች ልጆች በዚህ ቤት የተቀመጡት ከወንዶች እጅግ አንሰው ነው። ጨዋታም እንደ ዋልጌነት ይቈጠራል፤ ይህም የሚያሳዝነው በዚያው አገር ተረትና እንቆቅልሽ፥ የገና ጨዋታ፥ በደብረ ታቦር በዓልም ጅራፉና ሆያ ሆዬው ሁሉ የሞላ ስለ ሆነ ነው። የዓለም ሊቃውንት ሕፃን በጨዋታ ይማራል ሲሉ የሚያሳዩት ማስረጃ ብዙ ነው፤ የሰው አእምሮ በስድስት ዓመት ዕድሜው ከሙሉ መጠኑ ወደ 90 እጅ ከመቶ ይደርሳልና፥ በዚያ ጊዜ ዱላን የተማረ ሕፃን ፍርሀትን ከፊደሉ አብልጦ ይይዛል።

«ኦ ክፍል» በበኩሉ መልካም አሳብ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ አንድ ክፍል ተሰጥቶ የስድስት ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ይዘጋጅበታል፤ ክፍያ የለውምና ድኃው ይገባበታል፤ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከተጀመረ ወዲህም ብዙ ሕፃናት ገብተዋል። ዳሩ ግን ክፍሉ ሲበዛ መምህሩ አልበዛም። ስለ ሕፃን አስተማሪነት ያልሠለጠነ ሰው ለትልልቆች በተሠራ ወንበር ላይ የተጨናነቁ ሕፃናትን ቀኑን ሙሉ «ድገሙ» ሲል ቢውል፥ የፊደል ቤቱን ጉድለት ያለ ፊደል ቤቱ ትጋት ወረሰ ማለት ነው። የታሽከንት ጉባኤ ስለ መምህራን ደመወዝ የተናገረው ለዚህ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ እንዲሠራ መጠበቅ ፍርድ አይደለም።

በጉባኤዎቹ ስም «እንክብካቤና ትምህርት» ተብሎ እንክብካቤው አስቀድሞ መጻፉም በከንቱ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በዐማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት 100 ሕፃናት 46ቱ ከዕድሜያቸው ቁመት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል፤ በአገሪቱ በሙሉ ግን 38 ነበሩ። ገብስ፥ ባቄላና ድንች የሚታፈስበት፥ ላምና በግ የሚረባበት አገር ልጆቹ ከሌላው አገር ልጆች አጥረው መታየታቸው ምክንያቱ ማጣት ብቻ ሊሆን አይችልም። ከምክንያቶቹ አንዱ በካህናት እጅ ያለ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕፃን ሰባት ዓመት እስኪሞላው ለጾም አይገደድም፤ ነገር ግን ብዙ እናቶች በጾም ወራት ድስቱ በቅባት እንዳይነካ በመፍራት ለሕፃኑ ወተትም ዕንቁላልም አይሠሩለትም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የሁለት ዓመት ልጅ ከጿሚው ማዕድ ይበላል። የንስሐ አባት በቅበላ ሰሞን ለእናት «ልጅሽን አብዪ፥ ድስቱንም ለይተሽ ያዥለት» ብለው ቢነግሯት፥ ቃላቸው ከሐኪም ቃል ይልቅ ይሰማል። ይህን ለማለት ሞስኮም ታሽከንትም መሄድ አያስፈልግም።

ወራቱም የሚያስቸኵል ነው። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ጦርነቱ እስከ ደቡብ ጎንደር ደርሶ ንፋስ መውጫ ተይዛ፥ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የፕራግን ጉባኤ ያስጠሩት የተደናገጡ ሕፃናት አምሳያ ዛሬ በዚህ ደጋ አለ፤ ትምህርት ሳይጀምር ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላውን ልጅ አንድ ሰው ሊቀበለው ይገባል።

እዚህ ላይ የሕግ ነገር ይነሣል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል፤ ስለዚህ የወረዳ ሹም የፊደል ቤትን ከመንግሥት ሥራ ቢያርቅ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ዳዊትን ወደ «ኦ ክፍል» ማግባት ሌላ፥ በየደብሩ ዐጸድ የሚውሉትን ሕፃናት መቍጠርና ስለ ጤናቸው መጠየቅ ሌላ ነው። በደብረ ታቦር ለሚገኙ ሙስሊሞች ልጆች የቁርአን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ሕፃኑ የሚቀመጥበት ቦታ ሃይማኖታዊ ስለ ሆነ ክትባቱ፥ ምግቡና ከዱላ መጠበቁ ከመንግሥት ዕዳ አይወጣም።

ይህን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ ይቻላል። በደብረ ታቦር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ የ«ኦ ክፍል» መምህራንና ፈቃደኛ የሆኑ የኔታዎች በክረምት ጥቂት ሳምንታት አብረው ቢቀመጡ፥ መምህራኑ ከየኔታ ጽናትንና ታላቁን ልጅ ለታናሹ ማዋልን፥ የኔታም ከመምህራኑ ያለ አለንጋ ማስተማርንና ሴቶች ልጆችን መቀበልን ይማማራሉ። ከዚያ አስቀድሞ ግን መዝገብ ያስፈልጋል። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የየደብሩ አስተዳዳሪ ተስማምተው በገሳይና በአካባቢው ባሉ አጥቢያዎች ስንት ሕፃን ፊደል እንደሚቈጥር፥ ስንቷ ሴት ልጅ እንደ ሆነች፥ ማንኛውስ ከቤቱ ሳይቀምስ እንደሚመጣ ይጻፉ። ለዚህ አንድ ደብተርና መልካም እጅ ያለው አንድ ዲያቆን ይበቃል፤ ዲያቆኑም በየደብሩ አለ።