የወንዝ ልጅነት ኩራት

በሰው አገር የተገናኙ ወገኖች «የወንዜ ልጅ» ይባባላሉ። በካርቱም ግን ይህ አባባል ከዘይቤ ያልፋል። በጀብራ ሰፈር የኖረ ጎጃሜ የአገሩን ወንዝ እዚያው ያገኘዋልና፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ የሚጋጠመው በካርቱም ነው። በክረምት የሚደፈርሰውም የደጋችንን አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ወገኖች በመተማ በኩል ተመልሰዋል። ልጆቻቸው በክፍላችን ቢገኙ፣ ድፍርሱን ውሃ እንዴት እንዳዩት ለጓደኞቻቸው እንዲነግሩ እናድርግ። ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል።

በትውልድ አገር መኩራት ያለውን ጠብቆ ማቆየት ነው። አባቶች በጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍትን ለዘመናት ጠብቀው አቆዩልን። የኛ የመምህራንና የተማሪዎች ድርሻ ደግሞ እርከን ሠርተን አፈሩን ማስቀረት ነው።