አምባዛን ከየትኛው ዓሣ ጋር በአንድ ኩሬ ማኖር ይገባል?

በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በአካባቢው ቡና የምታለሙ ገበሬዎች ሆይ! ከማሳችሁ ግርጌ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ምንጭ ወይም ጅረት ካላችሁ፥ የዓሣ ኩሬ ቆፍራችሁ ለልጆቻችሁ ምግብ፥ ለገበያም የሚሸጥ ነገር ማግኘት ትችላላችሁ። ዳሩ ግን ኩሬ ከንቱ የሚቀረው ውኃ በማጣት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሚኖሩት ዓሦች በዓይነትና በመጠን ሳይመጣጠኑ ሲቀሩም ድካማችሁ ሁሉ ይጠፋል።

ቆሮሶ ብቻውን ሲኖር

ቆሮሶ ለኩሬ የተመቸ ዓሣ ነው። በውኃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር፥ ፉርሽካና የወጥ ቤት ትርፍራፊ ይበላል። ጉድለቱ መራባት ማብዛቱ ነው። ሴቲቱ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፤ እነርሱም በጥቂት ወራት ዕድሜ ራሳቸው መራባት ይጀምራሉ። በጠባብ ግጦሽ ላይ ብዙ ከብት ቢሰማራ ሁሉም እንደሚከሳ፥ ኩሬውም በደቃቅ ዓሣ ይሞላና ለምግብ የሚበቃ አይገኝም። ውኃ ሲሞቅ ቆሮሶ መራባትን ያፋጥናል፤ ስለዚህ ከሚዛን ተፈሪ ዝቅ ብላ በምትገኘው በቴፒ ይህ ነገር ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

የአምባዛ ጥቅም

በአፉ ዙሪያ ጺም ያለው አምባዛ ሥጋ በል ነው። የቆሮሶን ጫጩቶች እየለቀመ ቁጥራቸውን ይቀንሳል፤ የቀሩት ቆሮሶዎች በቂ ምግብ አግኝተው ያድጋሉ፤ አምባዛውም ራሱ ይወፍራል። ከውኃው በላይ ካለው አየር ጭምር ስለሚተነፍስ የደፈረሰ ውኃ ይችላል። በኩሬ ውስጥ በራሱ ብዙም ስለማይራባ ቁጥሩ ከእጃችሁ አይወጣም።

ልትጠብቁት የሚገባ ሥርዓት

1ኛ፤ አምባዛ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ቆሮሶውን ጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ ከቆሮሶው ያነሱ አምባዛዎችን አግቡ። ትልቅ አምባዛ ከትንሽ ቆሮሶ ጋር ማኖር ቀበሮን ከጫጩት ጋር መዝጋት ነው።

2ኛ፤ አምባዛዎቹ እርስ በርሳቸው እኩል ይሁኑ። ትልቁ ትንሹን ወንድሙን ሳይቀር ይበላል።

3ኛ፤ ቁጥሩን መጥኑ። ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ወርዱ 10 ሜትር ለሆነ ኩሬ 400 ቆሮሶና 40 አምባዛ ይበቃል፤ ይኸውም ለ10 ቆሮሶ 1 አምባዛ ማለት ነው።

4ኛ፤ ሥጋ በል ነው ብላችሁ አምባዛውን ያለ ምግብ አትተዉት። ምስጥና የከብት ደም ብትጨምሩለት ይወዳል።

ፈጽሞ የማይገባ ዓሣ

በባሮ ወንዝ የሚገኘውን ነጭ ዓሣ ወደ ኩሬያችሁ አታምጡ። ይህ ዓሣ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አብሮት የሚኖር ትንሽ ዓሣ የለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከገባ በኋላ፥ በ1980ዎቹ እጅግ ተባዝቶ፥ በዚያ ብቻ ይገኙ ከነበሩት ትንንሽ ዓሦች ብዙ ዓይነቶች እንዲጠፉ ዋና ምክንያት ሆኗል። ሐይቁን ያህል ውኃ ያልቻለውን የእናንተ ኩሬ አይችለውም።

ከዓሣው ሌላ

የብርብራ ዛፍ ለቡና መልካም ጥላ ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ዓሣን የሚያደነዝዝና የሚገድል መርዝ ስላለው በኩሬው ዳር አይኑር። የቡና ማጠቢያ ፍሳሽም ዓሣ የሚተነፍሰውን አየር ከውኃው ስለሚያጠፋ ወደ ኩሬው እንዳይገባ ቦይ ቆፍራችሁ አሳልፉት።

ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። በገዛችሁም ጊዜ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የአምባዛውን አፍና የቆሮሶውን ወርድ አስተያዩ፤ የኩሬያችሁ ዕጣ የሚወሰነው በዚያ ነው።