መብራቷ በርታ ዳታው የት ገባ?

ባንክ ቤት ወረፋ ጠብቀን መስኮቱ ጋ ስንደርስ «ሲስተም የለም» መባል ብርቅ አይደለም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። የተጠራው ቴክኒሻን ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያያት ኬብሉ የተሰካበት ቦታ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መብራት ነው። ከበራች «መስመሩ ደህና ነው» ብሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። እኔ ግን መብራቷን ያን ያህል አላምናትም።

መብራቷን የሚያዛት «ፋይ» የሚባል ቺፕ ነው። በስዊች፣ በራውተርና በኮምፒውተር ውስጥ ከኬብል መሰኪያው ጀርባ ይቀመጣል። ዜሮና አንዱን ሽቦ ላይ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ከሽቦው የመጣውንም መልሶ ዜሮና አንድ ያደርጋል። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፈው የመዳብ ኬብል ውስጥ ግን አራቱም ጥንድ ሽቦዎች በተመሳሳይ ቅጽበት ይልካሉም ይቀበላሉም። ስለዚህ ቺፑ ራሱ እየላከ ያለውን ምልክት ከሰማው ላይ መቀነስ አለበት። ከቀረው፣ እስከ 100 ሜትር ተጉዞ ከደከመው ምልክት ደግሞ፣ ከአምስት የቮልቴጅ ደረጃዎች የትኛው እንደተላከ በየጥንዱ በሰከንድ 125 ሚሊዮን ጊዜ ይለያል።

የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ የተወጣ ቺፕ አጠገቡ ካለው ፕሮሰሰር ጋር መግባባት ሊያቅተው መቻሉ ነው። ሁለቱን ከሚያገናኙት መንገዶች አንዱ «አርጂኤምአይአይ» ይባላል፤ በየአቅጣጫው አራት የዳታ መስመርና አንድ የሰዓት መስመር አለው። የሰዓቱ ምት ሲነሳም ሲወድቅም ዳታ ስለሚነበብ፣ አንድ ቢት መስመሩ ላይ የሚቆየው ለ4 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ቢቱ መሃል ላይ እንዲነበብ ሰዓቱ በ2 ናኖሰከንድ ገደማ መዘግየት አለበት። ይህን ለማምጣት የሰዓቱን መስመር ቺፖቹ በተበየዱበት ሰሌዳ ላይ እያጠማዘዙ 30 ሴንቲሜትር ያህል ማስረዘም ይቻላል፤ አሁን አሁን ግን ብዙ ቺፖች መዘግየቱን ውስጣቸው ይጨምራሉ። ችግሩ የሚመጣው ማን እንደሚያዘገይ ሳይወሰን ሲቀር ነው። ሁለቱም ካዘገዩ 4 ናኖሰከንድ ይሆንና ንባቡ ቢቱ በሚለወጥበት ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ከተዉትም ያው ነው። ኬብሉ ጤነኛ ነው፣ መብራቷ ቦግ ብላለች፣ ዳታው ግን ተበላሽቶ ይደርሳል። መብራቷ አልዋሸችም፤ የምትናገረው ከቺፑ ወደ ውጭ ስላለው ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ ማወቅ የፈለገ ቺፑን ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። ለጥያቄ የተመደቡት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አንዱ የሰዓት ምት ይይዛል፣ «ኤምዲአይኦ» የሚባለው ደግሞ ጥያቄና መልሱን ያመላልሳል። እስከ 32 ቺፖች ይጋሯቸዋል። አሠራሩ የክፍል ስም ጥሪን ይመስላል፦ ቁጥሩ ይጠራል፣ ሁሉም ይሰማል፣ «አቤት» የሚለው ባለቁጥሩ ብቻ ነው። ብዙ ቺፖች ቁጥራቸውን የሚያውቁት ኃይል ሲያገኙ አንዳንድ እግሮቻቸው ላይ ያለውን ቮልቴጅ አንብበው ነው፤ ቮልቴጁን የሚወስኑት ሰሌዳው ላይ የተበየዱ ጥቃቅን ሬዚስተሮች ናቸው። ቁጥሩ ተሳስቶ ማንም ሳይመልስ ቢቀር መስመሩ ከፍ እንዳለ ስለሚቆይ 16 አንዶች ይነበባሉ፤ በተለመደው አቆጣጠር 65,535። ልምድ ያለው ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ መልስ እንዳልመጣ ወዲያው ይገባዋል።

መልሶቹ የሚገኙት ሬጅስተር በሚባሉ ባለ16 ቢት ሣጥኖች ውስጥ ነው። ዜሮኛው ትእዛዝ ይቀበላል፣ 2ኛውና 3ኛው የቺፑን ማንነት ይናገራሉ። ለክትትል ዋናው 1ኛው ሬጅስተር ነው፤ በውስጡ ካሉት አንዷ ቢት ግንኙነት መኖር አለመኖሩን ትገልጻለች። ይህች ቢት ጸባይዋ ለየት ይላል። ግንኙነቱ ለቅጽበት ተቋርጦ ቢመለስ እንኳ፣ አንድ ሰው እስኪያነባት ድረስ ዜሮ እንደሆነች ትቆያለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ንባብ ያለፈውን ሊነግር ይችላል፤ የአሁኑን የሚነግረው ሁለተኛው ነው። ይህን ያልተረዳ ፕሮግራመር ኬብሉ ተሰክቶ ሳለ «የለም» የሚል ሪፖርት ያወጣል። ሁልጊዜ ሁለቴ አንብቦ የመጀመሪያውን የሚጥል ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚያ የባሰ ጥፋት ይሠራል፤ ማስረጃውን ያጠፋል። ሊነክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቺፑ በራሱ የሚያስጠነቅቅበት መስመር ካልተዘረጋለት በየሰከንዱ ሄዶ ይጠይቃል። መስመሩ ደህና እንደነበር እስካወቀ ድረስም ሁለቴ አያነብም፤ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ብልጭ ብሎ የጠፋ መቋረጥ እንዳያመልጠው።

አንዳንድ ቺፖች ከዚህም አልፈው ኬብሉን ይመረምራሉ። አጭር ምት ይልኩና የሚመለሰውን ማሚቶ ይጠብቃሉ። ምልክቱ በመዳብ ኬብል ውስጥ በናኖሰከንድ 20 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው ከ200 ናኖሰከንድ በኋላ ከመጣ ብልሽቱ ወደ 20 ሜትር ላይ ነው። ማሚቶው እንደተላከው ከተመለሰ ሽቦው ተበጥሷል፤ ተገልብጦ ከመጣ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። ሊነክስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይህን በአንድ ትእዛዝ ያስጠይቃል፣ ቺፑ የሚችል ከሆነ። ምርመራው ሲካሄድ ግን ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ፣ ደንበኛ ተሰልፎ እያለ የሚሞከር አይደለም።