ክፍት ምንጭ የቢሮ ሶፍትዌር ለትምህርት ቤቶቻችን

የመመረቂያ ጽሑፋችንን ከዓመታት በኋላ ለመክፈት ፈቃድ መግዛት ግድ ቢሆንብን፣ ጽሑፉ የማን ነው ማለት ይቻላል?

ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ማንም ሰው የምንጭ ኮዱን መመርመር፣ ማሻሻልና ማባዛት የሚችለው ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1999 ስታርኦፊስን ገዝቶ በ2000 የምንጭ ኮዱን ይፋ በማድረጉ ኦፕንኦፊስ ተወለደ፤ በ2010 ደግሞ ሊብሬኦፊስ ከእርሱ ተገንጥሎ ወጣ። ሊብሬኦፊስ የጽሑፍ፣ የሠንጠረዥና የገለጻ ማዘጋጃዎችን ያለ ክፍያ ያቀርባል።

ቁም ነገሩ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ሊብሬኦፊስ የሚጠቀምበት ኦዲኤፍ የተሰኘው የሰነድ ቅርጸት በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል፤ አሠራሩም ለማንም ግልጽ ነው። በሙከራ እናረጋግጥ፦ በዚህ ቅርጸት የተቀመጠ የአማርኛ ሰነድ ቅጂ ወስደን የፋይሉን ቅጥያ ወደ ዚፕ ለውጠን እንክፈተው። በውስጡ ኮንቴንት.ኤክስኤምኤል የተባለውን ፋይል በተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ስንከፍት፣ የጻፍናቸው የግዕዝ ፊደላት በምልክቶች መካከል ይነበባሉ። ሶፍትዌሩ ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ አይጠፋም ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ በማይክሮሶፍት ዎርድ የተዘጋጁ ውስብስብ ሰነዶች ወደ ሊብሬኦፊስ ሲመጡ አቀማመጣቸው ሊዛባ ይችላል፤ መምህራንም ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ሆኖም ያለ ፈቃድ የተባዛ ሶፍትዌር ቫይረስ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል፣ ሕግንም እንደሚጥስ መዘንጋት የለብንም።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ሙከራውን እንዲጀምሩ እናሳስባለን። የኮምፒዩተር ሳይንስና የአማርኛ ተማሪዎችም ተባብረው የአማርኛ ትርጉሙንና የፊደል ማረሚያውን ቢያሻሽሉ፣ ከተጠቃሚነት ወደ ሠሪነት ይሸጋገራሉ።