ከሪሲቨር እስከ ስፒከር
ሉማሜ ውስጥ ዲሽና ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥሩ ድምፅ ለማግኘት ብዙ አይቀረውም፤ የሚቀረው ደህና ስፒከርና ትክክለኛ ገመድ ነው። በቀጭን ቴሌቪዥን ውስጥ ለስፒከር የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ወፍራም ድምፅ አይወጣውም። ከበሮ ሲመታ ከቆዳው ላይ የሚነሳው ይሰማል፣ ከሆዱ የሚወጣው ግን ይቀራል። መሰንቆም ይቀጥናል። ጎጃም ውስጥ መሰንቆ እየሰማ ያደገ ጆሮ ይህን መቻል የለበትም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ቀይና ነጩን ገመድ ነው። መሰኪያው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ስሙንም አርሲኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያገኘ ነው። በዚህ ገመድ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ልክ እንደ ድምፁ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ መንገድ ላይ የገባበት ሁሉ አብሮ ይሰማል። ከመብራት ሽቦ ጎን ረጅም ርቀት ከተዘረጋ፣ ዘፈኑ ቆሞም የማይቆም «እምም» ይገባበታል።

ዲጂታሉ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግባል፤ በዲጂታል ገመድ የሚሄደውም እንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ተቀባዩ 0ን ከ1 መለየት ከቻለ ድምፁ ሙሉ ነው። ካልቻለ ይቆራረጣል፣ ይንጣጣል፣ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ውድ ገመድ ድምፅ ያጠራል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ከሁሉ ቀላሉ ኤአርሲ ተብሎ የተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ነው። እኔ ግን ዲሽ ላለበት ቤት ኦፕቲካልን አስቀድማለሁ። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ይህ ገመድ ድምፁን የሚያሻግረው በቀይ ብርሃን ነው፤ መዳብ ስለሌለው ያ «እምም» የሚሻገርበት መንገድ አያገኝም። አዲሱን ስትገዙ ጫፎቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ የፕላስቲክ ቆቦች አውልቁ፣ አለዚያ አይገባም። አጥብቆ ማጠፍም ይሰብረዋል። ሪሲቨራችሁ ያለው ዲጂታል መውጫ ኮዋክሲያል የሚባለው ብቻ ከሆነ ለገመድ ብላችሁ ደብረ ማርቆስ ድረስ አትድከሙ፤ ለምስል የተሠራው ቢጫ ገመድ 75 ኦም ስለሆነ ለአጭር ርቀት ይበቃል።

ሁሉ ተሰክቶ ድምፅ እምቢ ካለ፣ ገመዱን ከመጣላችሁ በፊት የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማስተካከያ ክፈቱ። «ቢትስትሪም» ወይም «ዶልቢ» የሚል ከሆነ ወደ «ፒሲኤም» ቀይሩት። ዲጂታሉን ወደ ቀይና ነጩ ገመድ የሚቀይሩት ርካሽ ሳጥኖች ብዙዎቹ ማንበብ የሚችሉት እሱን ብቻ ነው፤ በዚህ ሰበብ ስንት ደህና ገመድ ይጣላል።

ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር በሚሄደው ሽቦ ላይ ግን ውፍረት ይቆጠራል። እስከ 10 ሜትር ድረስ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ተራ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይታሰር፤ በአንዱ ስፒከር ብቻ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። ብር ከተረፋችሁ ገመድ ላይ አታጥፉት፤ የተሻለ ስፒከር ግዙበት።