ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ፍላሽ፣ ሁለት መግቢያ

አሶሳ ውስጥ ጽሑፍ ለማሳተም ፍላሻችሁን ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩ፣ መጀመሪያ የሚቀበለው ከርነሉ ነው። ከርነል ማህደረ ትውስታን፣ ፕሮሰሰርንና የተገጠሙ መሣሪያዎችን የሚያስተዳድር የስርዓተ ክወና እምብርት ነው።

ፈዚንግ ደግሞ የተዛባ ግብዓት በብዛት እየላኩ የፕሮግራምን ስህተት የማጋለጥ ዘዴ ነው። ከርነልን በዚህ ዘዴ የሚፈትሽ ሞካሪ አስቀድሞ የጥቃት ገጽን ይለያል፤ ይህም የማይታመን መረጃ ወደ ከርነሉ የሚገባባቸው መንገዶች ሁሉ ድምር ነው። ፕሮግራሞች የሚያቀርቧቸው የስርዓት ጥሪዎች፣ ኔትወርክ፣ ዩኤስቢና የፋይል ስርዓት ዋናዎቹ ናቸው። ፍላሽ ብቻውን ከእነዚህ ሁለቱን፣ ዩኤስቢንና የፋይል ስርዓትን፣ ይነካል፦ መጀመሪያ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ ለከርነሉ ያሳውቃል፤ ቀጥሎ የፋይል ስርዓቱ ይነበባል። ሁለቱም ሐሰተኛ መረጃ ሊይዙ ይችላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የጉግል ባለሙያ የነበረው አንድሬ ኮኖቫሎቭ ሲዝካለር በተባለ የፈዚንግ መሣሪያ በሊኑክስ ከርነል የዩኤስቢ ድራይቨሮች (መሣሪያዎችን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) ውስጥ በርካታ ስህተቶች አግኝቷል።

ሞክሩ፦ የአንድሮይድ ስልክ ከርነል ሊኑክስ ነው። ወደ ስልካችሁ መረጃ የሚገባባቸውን መንገዶች ዘርዝሩ። ከዚያም «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማን ሊደርስበት ይችላል?» እያላችሁ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። የትኛውን አስቀድማችሁ ትፈትሻላችሁ? ለምን?