ከባሌስትራ የሚወጣ ቁልፍ

አምደወርቅ የዋግ ኽምራው ደሃና ወረዳ መቀመጫ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ሰቆጣ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ገደላ ገደል በበዛበት በዚህ ደጋ፣ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞር የግብርናም ሆነ የጤና ባለሙያ ከእግሩ ቀጥሎ የሚተማመነው በሞተር ሳይክል ነው። ሞተሩ ሲቆም ሥራው አብሮ ይቆማል። መለዋወጫ ታዞ በአውቶቡስ ሊመጣ ይችላል፤ መለዋወጫውን ለመግጠም የሚያስፈልገው ልዩ መሣሪያ ግን ከሻጩም ዘንድ አይገኝም።

ያማሃም ሆነ ሆንዳ፣ ባጃጅም ሆነ ቲቪኤስ ለየሞዴላቸው ልዩ መሣሪያ ያዘጋጃሉ፤ የጥገና መጽሐፋቸውም የትኛው ክፍል በየትኛው መሣሪያ እንደሚፈታ ያዛል። መሣሪያው የተሠራው ግን ለኩባንያው ጋራዥ ታስቦ ነው። ስለዚህ የወረዳ ከተማ ሞተር ሠሪ ሁለት መንገድ አለው፤ በመዶሻና በስካርፔሎ መደብደብ ወይም መሣሪያውን ራሱ መሥራት። የመጀመሪያው ይፈጥናል፤ ነገር ግን የዳዶው ጠርዝ ይበላል፣ የአሉሚኒየሙ ካርተር ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ግማሽ ቀን ቢፈጅም መሣሪያው ለዓመታት ያገለግላል።

ጥሬ ዕቃው ብዙም ገንዘብ አይጠይቅም። ከተሰበረ የጭነት መኪና የሚወጣ ባሌስትራ፣ ቁራጭ ፌሮ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ያረጀ ኩሽኔታ፣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን፤ ሁሉም ከጋራዡ ጥግ የሚገኝ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ባሌስትራ ይበልጣል። ካርቦኑ በዛ ያለ ስለሆነ በእሳትና በዘይት ይጠነክራል።

ጎማ ማውጫ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ከባሌስትራው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ በከሰል እሳት ይግላል። ጫፉ ተቀጥቅጦ ይሳሳና በትንሹ ይጎብጣል። ከዚያ እንደገና ቀይ እስኪሆን ግሎ በተቃጠለ ዘይት ይነከራል። እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ብረቱ ደርቋል፣ በድንጋይ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ ቀስ ብሎ ይሞቃል። የብረቱ ፊት መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሐምራዊ ይሆናል፤ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ከእሳት የሚወጣው ያኔ ነው። አሁን ቢለመጥ እንጂ አይሰበርም። በመጨረሻ ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል፤ ስለታም ጠርዝ ካላማዳሪ ይበሳል።

የፍሪሲዮን መያዣው ደግሞ ከዚህ ይቀላል። የፍሪሲዮኑን የመሐል ዳዶ ለመፍታት ሲሞከር ሙሉው ክፍል አብሮ ይዞራል። መፍትሔው ከተጣለ ፍሪሲዮን አንዱን የብረት ዲስክ ወስዶ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት መበየድ ነው። የዲስኩ የውስጥ ጥርሶች ከመሐሉ ክፍል ጋር ልክ ስለሚገጥሙ፣ አንዱ ሰው እጀታውን ሲይዝ ሌላው በቡሶላ ዳዶውን ይፈታል።

ብዙ ሞተር የሚበላሸው ማግኔት ሲነቀል ነው። ማግኔቱ የተቀመጠው በሾጣጣ ዘንግ ላይ ስለሆነ ዳዶው ቢወልቅም ንቅንቅ አይልም። በመዶሻ የመታው ሰው ማግኔቱን ይሰነጥቃል ወይም የዘንጉን ጫፍ ያጠፋል። ማግኔቱ ግን መሐሉ ላይ ለመንቀያ (ፑለር) የተበጀ ጥርስ አለው። በዚያ ጥርስ ልክ የሆነ ብሎን ሲጠብቅ ዘንጉን እየገፋ ማግኔቱን ያወጣዋል። በአንዳንድ ሞተሮች የራሱ የኋላ ጎማ አክስል ጥርስ ይገጥማል፤ ፑለሩ ከሞተሩ ጋር ሲዞር ኖሯል ማለት ነው። ካልገጠመ ጥርሱን በካሊፐር ለክቶ ቶርኖ ቤት ማሠራት ነው። በማይገጥም ጥርስ ማስገደድ ግን ማግኔቱን እስከ መጨረሻው ያበላሻል።

የካንዴላ ቁልፍ ከቧንቧ ይወጣል። የጋለ ቧንቧ በአሮጌ ካንዴላ ባለ ስድስት ማዕዘን ወገብ ላይ ተደርጎ ዙሪያውን ሲቀጠቀጥ ቅርጹን ይይዛል። ሲበርድ ጥቂት ስለሚጠብ ውስጡ በሞረድ ይስተካከላል። የካርቡራቶር ጂግለር ለማጽዳት ደግሞ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ትበቃለች። የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ፍቆ ያሰፋዋል፤ ያኔ ሞተሩ ነዳጅ ያለ ልክ ይጠጣል።

ገበያ ላይ ያለው ተንጠልጣይ ሚዛንም መሣሪያ ይሆናል። በአሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ በ10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ቁልፉ ላይ ከብሎኑ መሐል 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሚዛኑን አንጠልጥሎ በ90 ዲግሪ መሳብ ነው፤ 10 ኪሎ ሲያሳይ ልኩ ደርሷል። ጥርስ በልቶ ካርተር ከማበላሸት ይህ ስንት እጥፍ ይሻላል!

ይህ ብልሃት ከሞተር ሳይክል በፊት የነበረ ነው። ማረሻና ማጭድ ሲሠራ የኖረው ቀጥቃጭ እሳቱንም ብረቱንም ያውቃል፤ በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራም የተጣለ ብረት ዕለት ዕለት ወደ ዕቃነት ይለወጣል። ሆኖም ባለ እጁ ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር።

ሁሉም መሣሪያ ግን በቤት አይሠራም። የቫልቭ ክፍተት በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ለዚህ የፋብሪካ የክፍተት መለኪያ ግዴታ ነው፣ በጣሳ ቁራጭ ግምት አይሆንም። ፍሬን ውስጥ የሚገባ ነገርም ከእጅ ሥራ ይራቅ። መያዣውን፣ መንቀያውንና ማውጫውን ሥሩ፤ መለኪያውን ግዙ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ሞተር ሠሪውንና ቀጥቃጩን በአንድ ወርክሾፕ ቢያገናኙ፣ ማግኔት በመዶሻ መንቀል ከወረዳ ከተሞቻችን ቶሎ ይጠፋል።